ዘጋሁ ሌላ፣ ተዘጋ ሌላ

መጀመሪያ ራሴን ላሳጣ። የሳሎናችን አምፖል አልበራ አለ፣ አዲስ ቀየርኩ፣ አሁንም እምቢ። ቀና ብዬ ሳይ ለካ ችግሩ አምፖሉ የሚገባበት ፖርታላምፓ ላይ ነው፤ ፕላስቲኩ ጠቁሯል። ቀላል ሥራ ነው አልኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ ቀጭ አደረግኩ፣ ወንበር ላይ ወጣሁ፣ በካቻቢቴ ብሎኑን ነካሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ባለቤቴ «አቦ ምን ሆንክ?» ስትለኝ ነው። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ድረስ ሲነዝረኝ አመሸ።

አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አለን፣ ዕድሜውን በምድር ባቡር ወርክሾፕ የጨረሰ። ድሬዳዋ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ ስለሌለው ሽማግሌውንም አንተ ነው የምንለው፤ እዚህም አንተ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ አንቺም እንዳለሽበት ያዢልኝ። ቴስተሩን ይዞ መጣ፣ ማጥፊያውን አጠፋ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካና ሳቀብኝ። ቤቱን ሽቦ የዘረጋው ሰው ማጥፊያውን ፌዙ ላይ፣ መብራቱን በሚያመጣው ሽቦ ላይ ማድረግ ሲገባው ኒውትራሉ ላይ፣ በመመለሻው ላይ አድርጎታል። እንዲህ ሲሆን አምፖሉ ይጠፋል፣ መመለሻው ተቆርጧላ። ፌዙ ግን 220 ቮልቱን ይዞ ፖርታላምፓው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። «አንተ ዘግተሃል» አለኝ፣ «እሱ ግን አልተዘጋም።»

ከዚያ ወዲህ መብራትም ይሁን ቧንቧ ስነካ ግማሹ ጊዜዬ የሚያልቀው መዝጋትና መዘጋቱን ማረጋገጥ ላይ ነው። ጥገናው ራሱ ብዙ ጊዜ የአሥር ደቂቃ ነገር ነው።

መብራቱን በእውነት ማጥፋት

በግድግዳ ማጥፊያ ተማምነህ ምንም አትፍታ። የሚዘጋው ብሬከሩ ነው፤ የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚይዝ ካላወቅክ ደግሞ ዋናው። ብዙ ቤት ብሬከሮቹ ላይ ምንም አልተጻፈባቸውም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ ልጆቹን ሰብስብና እንደ ጨዋታ አድርጉት። አንዱ የስልክ ቻርጀር ይዞ ከሶኬት ወደ ሶኬት ይዙር፣ አንተ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ዝጋ፣ «ጠፋ!» ብሎ ሲጮህ በማርከር ጻፍበት። ወጥ ቤት፣ መኝታ ቤት፣ ምጣድ። ልጆቹም ዋናው ብሬከር የት እንደሆነ በዚያው ይማራሉ፤ አንተ ቤት በሌለህበት ቀን ይጠቅማቸዋል።

መብራት ሲሄድ «ጥሩ ሆነ፣ አሁን ልሥራው» የሚል ሰው አውቃለሁ። ይሄ ከሁሉም የባሰ ነው። የሄደ መብራት መቼ እንደሚመለስ አይነግርህም፤ ሽቦውን በጥርስህ እየላጥክ እያለ ሊመጣ ይችላል። መብራት ሄዶም ቢሆን ብሬከሩ ይዘጋል። በጥርስ መላጡንም ተወው።

ብሬከሩን ከዘጋህ በኋላ ላዩ ላይ ናስትሮ ለጥፍበት፣ ለቤቱ ሰው ሁሉም ንገር። ከውጭ የገባ ሰው ቤቱ ጨልሞ ሲያገኘው መጀመሪያ የሚያደርገው ብሬከሩን ወደ ላይ ማንሳት ነው፣ ያውም የረዳህ እየመሰለው።

ቀጥሎ ማረጋገጥ። ያቺ ካቻቢቴ የምትመስለው፣ ውስጧ ትንሽ አምፖል ያላት ቴስተር ርካሽ ናት፣ የሌለችበት ቤት የለም። እኔም አለችኝ። ግን ዐመል አለባት። የምትበራው በሰውነትህ አልፎ ወደ መሬት በሚሄድ በጣም ትንሽ ከረንት ስለሆነ፣ ደረቅ የእንጨት ወንበር ላይ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርገህ ከቆምክ ፌዝ ነክታም በደንብ ላትበራ ትችላለች። የድሬ ፀሐይ በመስኮት በሚገባበት ሰዓት ደግሞ ብትበራም አታያትም። ስለዚህ መልቲሜትር ግዛ፣ ቮልቱን በቁጥር የሚያሳየውን መለኪያ። ታይዋን ገበያ ብትሄድ ርካሹንም ውዱንም ታገኛለህ፤ ከሚያስፈልግህ ከየትኛውም መሣሪያ በፊት እሱን ግዛ እላለሁ። ቁልፉ በኤሲ ቮልት ላይ፣ ከ220 በላይ በሆነው ቁጥር ላይ ይሁን፤ ብዙዎቹ ላይ 600 ወይም 750 ይላል። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ገመዱ የአምፔር ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ሳለ ሶኬት ውስጥ ካስገባኸው ሾርት አደረግከው ማለት ነው፣ መሣሪያው እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

አለካኩም ሦስት ጊዜ ነው። መጀመሪያ መብራት እንዳለው የምታውቀውን ሌላ ሶኬት ለካ፣ 220 አካባቢ ያሳይህ። ከዚያ ልትሠራበት ያለውን ለካ፣ ዜሮ ይበልህ። ከዚያ ተመልሰህ የመጀመሪያውን ለካ። ሦስተኛው ለምን መሰለህ? መሃል ላይ ባትሪው አልቆ ወይም ገመዱ ተቆርጦ ከሆነ «ዜሮ» ያለህ መሣሪያው እንጂ ሽቦው አይደለም። ስትለካም ፌዝና ኒውትራል መሃል ብቻ ሳይሆን ፌዝና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው ሽቦ)፣ ኒውትራልና ኧርዝ መሃልም ለካ። የኔ አምፖል ዓይነቱ አገላብጦ የተሠራ መስመር የሚያዘው እዚያ ላይ ነው።

የምጣዱ ሶኬት

ቶሎ የሚሞተው ሶኬት የምጣዱ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ለ220 ስታካፍለው ወደ 16 አምፔር ይሆናል፣ ያውም እንጀራው እስኪያልቅ ድረስ ለሰዓታት። ይሄንን ለ10 አምፔር በተሠራ ዲቫይደር ላይ ሰክተህ ጎኑ ላይ ፍሪጅ ከጨመርክበት ዲቫይደሩ መቅለጡ አይቀርም፣ ጥያቄው መቼ ነው የሚለው ብቻ ነው። ምጣድ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ከግድግዳ በቀጥታ የሚሰካበት የራሱ ጠንካራ ሶኬት ይፈልጋል።

መታመሙን የምታውቀው ስፒናውን ስትነቅል እጅህን የሚፋጅህ ከሆነ፣ የሶኬቱ ፊት ቡናማ ከሆነ፣ ወይም ወጥ ቤት ውስጥ ዓሣ ሳይኖር የዓሣ የመሰለ ሽታ ከሸተተህ ነው። የሚግል ፕላስቲክ እንደዚያ ይሸታል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ብሎን ነው። የላላ ቦታ ይግላል፣ ሲግል ይበልጥ ይላላል፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል።

አቀያየሩ ይኸውልህ። ዝጋ፣ ሦስቴ ለካ። ሽፋኑን ፍታና ሶኬቱን ከስካቶላው፣ ግድግዳ ውስጥ ካለው ሳጥኑ፣ ቀስ ብለህ ሳበው። ምንም ሳትነካ በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ራስህን ታመሰግናለህ። አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው ሽቦ ኧርዝ ነው። ሌሎቹ በአንዳንድ ቤት ቀይና ጥቁር፣ በሌላው ቡናማና ሰማያዊ ናቸው፣ አሮጌ ቤት ውስጥ ደግሞ ሠራተኛው ኪሱ ውስጥ የነበረው ቀለም ሁሉ አለ። ቀለም አትመን፣ ለካ። የጠቆረውን የሽቦ ጫፍ አውጥተህ የሚያብለጨልጭ መዳብ እስክታገኝ ድረስ ቁረጠው፤ የተቃጠለ መዳብ መልሰህ ብታስረው መልሶ ይግላል። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ላጥ፣ ቀዳዳው ውስጥ እስከ መጨረሻው አስገባ፣ ጥብቅ አድርገህ እሰር፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ ጎተት አድርገው። ከወጣ ድሮም አልታሰረም ነበር። ውጭ የቀረች አንዲት የመዳብ ክር እንኳ እንዳትኖር። ኧርዙን «እሱ ምን ያደርጋል» ብለህ ቆርጠህ እንዳትተወው፤ የምጣዱ ሽቦ አካሉን የነካ ቀን የሚያድንህ እሱ ነው። ሽፋኑን ሳትገጥም ብሬከሩን አታንሳ።

ሽቦው ከተቃጠለ ወዲያ አጭር ሆኖ አልደርስ ካለህ፣ ሁለቱን ጠምዝዘህ በናስትሮ ጠቅልለህ ግድግዳ ውስጥ አትቅበር። የናስትሮ ሙጫ የኛን ሙቀት አይችልም፣ ከጊዜ በኋላ ይቀልጥና ይገለጣል። ለመጋጠሚያ ሞርሴቶ አለ፣ እሱም የሚከደን ስካቶላ ውስጥ ይቀመጣል። መዳብና አሉሚኒየም ደግሞ በቀጥታ አታጋባ። ሁለቱ ሲነካኩ ይበላላሉ፣ ይላላሉ፣ ይግላሉ።

ስለ ብሬከር አንድ ነገር ካላልኩ አልተኛም። ብሬከር ሲወድቅ ብዙ ሰው የሚያደርገው ትልቅ መግዛት ነው፤ 16 ወደቀ፣ 32 ግባ፣ አለቀ፣ ሰላም። አሁን ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ፊውዝ ሆነ ማለት ነው። ብሬከሩ የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት ነው፣ በፍላጎትህ አይደለም። እኔ የምከተለው ለአምፖል 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በ10 አምፔር፣ ለተራ ሶኬት 2.5 በ16፣ ለምጣድ 4 በ20 ወይም በ25 ነው። ብሬከሩ የሚወድቀው ልክ ስታነሳው ከሆነ ሾርት አለ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከሆነ ጭነት በዝቷል። እዚህ ደግሞ ሦስተኛ ምክንያት አለን፣ ፀሐይ። ብሬከሮች ብዙ ጊዜ የሚለኩት በ30 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ የብረት ሳጥኑ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ውስጡ ምጣድ ይሆንና ብሬከሩ ያለ ጊዜው ይወድቃል። ይሄንን በትልቅ ብሬከር አታክመው። ጥላ ሥራለት፣ ወይ ሳጥኑን አዛውረው።

ካልተገጠመልህ ደግሞ አርሲዲ የሚሉትን አስገጥም። ተራው ብሬከር ሽቦውን ነው የሚጠብቀው፣ አንተን አይደለም። አርሲዲ በፌዝ የወጣው በኒውትራል ካልተመለሰ፣ ማለትም በሰው በኩል ወደ መሬት እየሄደ ከሆነ፣ ዐይንህን ሳትጨፍን ይቆርጠዋል። ለሰው የሚሆነው 30 ሚሊ አምፔር የሚለው ነው። የኛ አፈር በበጋ ድርቅ ብሎ ኧርዙ ደካማ ስለሚሆን ለድሬ ቤት ከሌላው አገር ይልቅ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። ላዩ ላይ ያለችውን የሙከራ ቁልፍ በወር አንዴ ተጫናት፣ ካልወደቀ ይቀየር።

የማትነካውስ? ቆጣሪውንና ከቆጣሪው በፊት ያለውን ሁሉ። ማሸጊያው የአንተ አይደለም፣ ከማሸጊያው ወዲያ ደግሞ የምትዘጋበት ነገር የለህም። የቤቱ መብራት በአንዱ ክፍል ከመጠን በላይ ቦግ ብሎ በሌላው ከደበዘዘ ኒውትራል ላልቶ ወይም ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ዋናውን ዝጋ፣ ስፒናዎቹን ሁሉ ንቀል፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውል። እርጥብ ግድግዳ ውስጥ ያለ መስመር፣ የሚጨስ ሳጥን፣ ከጣሪያ በላይ የሚሄድ ገመድ፣ እነዚህ የባለሙያ ናቸው። በርጫ ላይም መብራት አይነካም። ምርቃና ላይ ሁሉም ነገር ቀላል ነው።

ሰው መብራት ይዞት ብታይ እጁን እንዳትጎትት፣ አንተንም ይይዝሃል። ብሬከሩን ዝጋ። ብሬከሩ ሩቅ ከሆነ ደረቅ ነገር ላይ ቆመህ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ወንበር ገፍተህ አላቅቀው። መተንፈሱን እይ። «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ቤት ይሂድ፤ የልብ ምት ላይ የሚያመጣው ጣጣ ወዲያው ላይታይ ይችላል።

ውሃው ደግሞ

የድሬ ውሃ ከመሬት ሥር ነው የሚወጣው፣ ኖራውን ይዞ። ማንቆርቆሪያህ ውስጥ የሚጋገረው ያ ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የምታየው ነገር ቧንቧህ ውስጥም፣ ሻወርህ ውስጥም፣ መዝጊያህ ውስጥም አለ፣ አይታይህም እንጂ። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ሐረርም ውሃዋን ከድሬ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ሽቅብ ስታስገፋ ስለኖረች የሐረር ዘመዶቻችንም ይሄን ቅርፊት ያውቁታል።

ሁለተኛው ውርደቴ ከዚህ ቅርፊት ጋር ነው። የወጥ ቤት ላቫንዲኖ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ከመብራቱ ተምሬያለሁ ብዬ መጀመሪያ ሳራቺኔስካውን፣ የውሃውን መዝጊያ፣ እስከ መጨረሻው አዞርኩ፣ ቧንቧውን ስከፍት ውሃው ቀጥኖ ነበር፣ «በቃ ተዘግቷል፣ የቀረው ይፈስሳል» አልኩ። ቧንቧውን በአንድ መፍቻ ይዤ ጠመዘዝኩ። አልወጣም። በደንብ ጠመዘዝኩ። ወጣ፣ ግን ግድግዳው ውስጥ ያለውን አሮጌ ብረት ሰብሮ ነው የወጣው። ያ የቀጠነው ውሃ ለካ እየፈሰሰ ያለቀ ሳይሆን ሳራቺኔስካው ከኖራው የተነሳ ሙሉ በሙሉ ያልዘጋው ነበር። ዓርብ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት። ድሬ በርጫዋ ላይ ተቀምጣለች። ሦስት ቧንቧ ሠራተኞች ጋ ደወልኩ፣ ሦስቱም በጣም በፍቅር አናገሩኝ፣ ሦስቱም አልመጡም። እስከ ማታ በባልዲ ስቀዳ ዋልኩ።

ስለዚህ ከኔ ተማር። እዚህ ውሃ ወደ ቤትህ የሚገባው ከሁለት ወገን ነው፣ ከመንገዱ መስመርና ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ። ቆጣሪው ጋ ያለውን ዘግተህ ሮቶውን ከረሳኸው ውሃው ከላይ ይመጣብሃል። ሁለቱንም ዝጋ፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ ያለውን ዝቅተኛውን ቧንቧ ክፈትና ጠብቅ። ቀጥ ማለት አለበት። ከአምስት ደቂቃ በኋላም እንደ ክር እየወረደ ከሆነ አልተዘጋም፣ ምንም አትፍታ። መጀመሪያ የሚቀየረው መዝጊያው ነው፣ እሱም ሮቶው ባዶ በሆነበትና መስመሩ ላይ ውሃ በሌለበት ቀን ነው የሚቀየረው። ስትቀይር ያንን ክብ እጀታ ያለውን ትተህ በረጅም እጀታ ሩብ ዙር ብቻ የሚዞረውን ግዛ። ኖራ ቶሎ አያሸንፈውም፣ መዘጋቱም ከሩቅ ይታያል፦ እጀታው ከቧንቧው ጋር ትይዩ ከሆነ ክፍት፣ አግድም ከሆነ ዝግ።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ ያ እያዞርክ የምታጠብቀው ዓይነት ከሆነ፣ ዘጠና ከመቶው የውስጡ ላስቲክ ነው አልልህም፣ ግን መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። እጀታውን ፍታ፣ ከሥሩ ያለውን ነት በመፍቻ አላላ፣ ውስጡ ያለውን ቁልፍ አውጣ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ላስቲክ ይዘህ ቀፊራ ሂድና ተመሳሳይዋን ግዛ። ላስቲኳን ይዘህ ሂድ፣ በእጅህ «ይህን ታህላለች» እያልክ አታስረዳ። መልሰህ ከመግጠምህ በፊት ላስቲኳ የምታርፍበትን ቦታ በጣትህ ዳስስ፤ ኖራ ወይም ሸካራ ነገር ካለ አዲሷም በሳምንቷ ትበላለች። ስታጠብቅ ኃይልህን አታሳይ፣ ላስቲክ ነው የምትጨፈልቀው።

ቧንቧውን ከነአካሉ የምትነቅል ከሆነ ሁለት መፍቻ፦ አንዱ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ይያዝ፣ ሌላው ያዙር። የኔን ብረት የሰበረው የሁለተኛው መፍቻ አለመኖር ነው። ቴፍሎን ስትጠመጥም የጥርሱ አፍ ወደ አንተ ዞሮ ሳለ በሰዓት አቅጣጫ ጠምጥም፣ በተቃራኒው ከሆነ ስታጠብቀው ይገላበጥና ይወጣል። ስሱ ቴፍሎን ከሆነ አሥር ዙር ብትሄድ አልበዛም። ካጠበቅክ በኋላ «ትንሽ ልመልሰው፣ አፉ ጠመመ» ብለህ ወደ ኋላ አትመልስ፣ እዚያው ማፍሰስ ይጀምራል፤ ፈትተህ እንደ አዲስ ጠምጥም።

ሻወሩ ውሃ ወደ አራቱም አቅጣጫ እየረጨ ከሆነ አትጣለው። ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አቼቶ ጨምረህ የሻወሩን ራስ አስጠልቀህ በክር እሰርና አሳድረው፣ ጠዋት በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ እሸው። የቧንቧ አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊትም እንደዚሁ። ብዙ ሰው «ግፊት የለም» ብሎ የሚያማርረው ይቺ ወንፊት ተደፍና ነው። አቼቶና በረኪናን ግን በፍጹም አትቀላቅል። መርዛማ ጋዝ ነው የሚወጣው፣ ያውም ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ። ዛሬ በአንዱ ከሠራህ በደንብ አጥበህ ሌላውን ለሌላ ቀን አድርገው።

መጸዳጃው በዝምታ ውሃ እያፈሰሰ መሆኑን ለማወቅ ጠቆር ያለ ሻይ ታንከሩ ውስጥ ጨምር፣ ግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይጠቀም ከልክል። ታች ያለው ውሃ ሻይ ከመሰለ የውስጡ ላስቲክ አይዘጋም፤ ብዙ ጊዜ ቅርፊቱን ጠርጎ ማጽዳት ይበቃዋል።

ላቫንዲኖው ሲደፈን ሲፎኑ (ከሥሩ ያለው ጠማማ ቧንቧ) ሥር ባልዲ አድርገህ በእጅህ ፍታው። ኮስቲክ ሶዳ ጨምረህበት ከሆነ ግን አትፍታ፤ ዐይንህ ላይ ቢረጭ ቀልድ አይደለም። ሌላ ሰው ጠርተህም ከሆነ ሶዳ እንዳለበት ሳይፈታ በፊት ንገረው።

ሮቶ ሲያፈስ ወደ ላይ ከመውጣትህ በፊት የቆመበትን ብረት እይ። ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ሺህ ኪሎ ነው፤ የዛገ እግር ላይ አንድ ቶን ቆሟል፣ አንተ ደግሞ ልትጨመርበት ነው። እግሩ ካላስተማመነህ መጀመሪያ አራግፈው። ከሮቶው የሚወርደው የፕላስቲክ ቧንቧ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ደግሞ ደርቆ እንደ ብስኩት ይሰበራልና በእጅህ አትደገፈው።

ሁለቱ የሚገናኙበት

የሻወር ማሞቂያና የውሃ ፓምፕ ላይ ነው መብራትና ውሃ የሚጋቡት፣ እኔም ወደ ኋላ የምመለሰው እዚያ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ድሬ ላይ ማሞቂያ ለምን እንደሚገጠም አይገባኝም፤ እኩለ ቀን ላይ ቀዝቃዛውን ስትከፍት ሮቶው ራሱ ሙቅ ይልክልሃል። ሐረር ግን ብርድ አላት፣ እሺ። ሻወር አፍ ላይ የሚገጠመው ማሞቂያ ከምጣድ ያላነሰ ይስባል። የራሱ ወፍራም መስመር፣ እውነተኛ ኧርዝና አርሲዲ ከሌለው ሥሩ ራቁትህን አትቁም። ሲያነዝርህ «ትንሽ ነው፣ ለምጄዋለሁ» የሚል ሰው ገጥሞኛል። ያ ትንሽ ነዘራ ማስጠንቀቂያው ነው፤ ብሬከሩን ዘግተህ ሠራተኛ እስኪያየው ድረስ በባልዲ ታጠብ።

ታንከር ያለው ቦይለር ከሆነ ውሃ ሳይሞላ አታብራው፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ይቃጠላል። ሙቅ ውሃውን ከፍተህ አየር መትፋቱን ትቶ ውሃ ሲወርድ ነው የሞላው። ከሥሩ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ስትል አይተህ እንዳትደፍናት። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ መውጫው እሷ ናት፤ የተደፈነ ቦይለር ቦምብ ነው።

ፓምፑ እያጓራ ካልዞረ ብዙ ጊዜ የታመመው ካፓሲተሩ ነው፣ ያቺ የባትሪ ድንጋይ የምትመስል ነገር። መለወጡ ቀላል ነው፣ ግን ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ከረንት ይዛ ልትቆይ ስለምትችል ጫፎቿን በእጅህ አትንካ። የጣሪያ ቬንትሌተር ቀስ ብሎ ሲዞርም ያቺው ናት። ላይዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብበህ ራሱን ቁጥር ግዛ። ፓምፑ ያለ ውሃ እንዳይሠራም ጠብቅ፣ መስመሩ ላይ ውሃ የማይመጣበት ሌሊት ብቻውን ሲያጓራ አድሮ ይቃጠላል።

በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማው ውስጥ የገባበትን ሌሊት የሚያስታውስ ሰው ውሃ ቤት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል አይነገረውም። ወለሉ ላይ ውሃ ካለና ብሬከሩ ጋ ለመድረስ ውሃው ውስጥ መሄድ ካለብህ አትሂድ፣ ወጥተህ ከውጭ እንዲቆረጥ አስደርግ። የራሰ ሶኬት ከላይ ስለደረቀ ደርቋል ማለት አይደለም፤ ተከፍቶ፣ ደርቆ፣ ታይቶ ነው መልሶ የሚበራው።

ያ የምድር ባቡር ጎረቤቴ በወሩ መጀመሪያ ሁለት ነገር ያደርጋል። የአርሲዲዋን ቁልፍ ይጫናል፣ የቤቱን መዝጊያዎች ሁሉ አንዴ ዘግቶ ይከፍታል፣ ኖራው እንዳይጋግራቸው። እኔም ጀመርኩ። ባለፈው የሮቶዬን አሮጌ ሳራቺኔስካ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳዞረው ከእጀታው ሥር ማልቀስ ጀመረ፣ ደነገጥኩ፣ ጠራሁት። እጀታው ሥር ያለችውን ነት በመፍቻ ሩብ ዙር ጠበቅ አደረጋት፣ ልቅሶው ቆመ። «ካልቆመ ሌላ ሩብ» አለኝ፣ «ከዚያ በላይ ግን አትሂድ፣ እጀታው አይዞርልህም።»